ችካል

ደምበጫ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት መቶ ካሬ፤
ሲባጎ ወጥረን ዋልን፣ እኔና ይበልጣል ዛሬ።
«ጋራዡ በስተግራ» ይላል፣ «ከዋናው በር ትይዩ፣
አይሱዙ ሲገባ ጎረቤቶች እንዲያዩ።»
አይሱዙው ገና ነው፣ እቁቡ አልወጣ፤
ብሳናው ግን አለ፣ ከእኛ ቀድሞ የመጣ።

ቤቱን ወደ ኋላ ብንስበው፣ የሐምሌ ጎርፍ
ከእነ ሽታዬ ጓሮ ወርዶ ከአልጋችን ሥር ሊያልፍ።
ወደ ፊት ብናመጣው፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ይላሉ፤
የማዘጋጃ ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው ይዞራሉ።

ሌሊት ከኪራይ ቤቱ ወጣሁ፣ በባትሪ፣ ችካል ልነቅል፤
ተነቅሎ አገኘሁት፤ ከብሳናው ሁለት እርምጃ ርቋል።
ገባሁ። ከበሩ ሥር ጫማው ቆሟል፣ ጭቃው አልደረቀም።
ያንኮራፋል፣ የውሸቱን።
እኔም አልጠየቅሁም።