ድገምልኝ

ቡሬ፣ ከበርበሬ ተራ ጀርባ፣ ወፍጮ አለኝ፤
ሞተሩ ሊታመም ሲል ቀድሞ የሚሰማኝ፣
ቀበቶው ሲላላ፣ ኩሽኔታው ሲያረጅ፣
በውስጥ እግሬ ነው እንጂ
በጆሮዬ አይደለም፤
ጆሮዬን ወፍጮው ፈጭቶታል፣ የለም።

ይታያል ሲወለድ ግን እግሬም አልነገረኝ፤
ጡት ሲይዝ በላብ ሲጠመቅ ምንም አልከነከነኝ፤
ከንፈሩ ሲጨልም ማታ ማታ
"ብርድ ነው" አልኩ፣ ደረብኩለት ኩታ።
እናቱ አትጠገብ ደረቱ ላይ ጆሮዋን ጣለች፤
"የሚያፈስ ቋት አለ እዚህ ውስጥ" አለች።

ባሕር ዳር፣ "ቀዳዳ ነው፤ አዲስ አበባ ውሰዱት"፤
አዲስ አበባ፣ "ስሙን አስመዝግቡ፣ ተራ ጠብቁለት።"
ተራ እኔ የማውቀው የወፍጮ ተራ ነበር፣
በጠዋት በቁና መጥቶ ለምሳ ዱቄት ይዞ መብረር፤
ይሄኛው አራት ክረምት ፈጀ፤
ከልጁ ጋር የኔም ጉልበት አረጀ።

የተቀደደ ዕለት፣ ጫማዬን አውልቄ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤
ወለሉ ምንም አላለኝ፤ ሰዓቱን ብቻ ቆጠርኩ።

ዛሬ ደረቱ ላይ፣ እንደ ጆንያ አፍ፣ የስፌት መስመር አለ፣
በጣቴ ስከተለው ይስቃል፣ "ኮረኮርከኝ" እያለ።
ከንፈሩ ቀላ። በላ። ሮጠ። ግንብ ላይ ወጣ፤
ስለቴን አስገባሁ፤ ጎረቤቱ እልል እያለ መጣ፤
አለቀ ብዬ ነበር፣
እስኪገባ ድረስ በትምህርት ቤት በር።

መምህር አስማረ "ልጁ ክፍል ውስጥ የለም" ብሎ ላከብኝ፤
ብሄድ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ መልእክቱ አልገባኝ።
ኋላ ነው የገባኝ። ሲቆጥር፣ ሦስት ላይ ዝንብ ትወስደዋለች፤
ሲጽፍ፣ የ"መ" አንድ ዓይኗ ሳይዘጋ ትቀራለች፤
ጨው፣ ክብሪትና ባትሪ ግዛ ብዬ ስልከው
ጨው ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ መልሱስ? ረስቶት ነው።

አንድ ቀን መታሁት።
በመዳፌ፣ ጀርባውን፤ የፊቱን ስፌት ፈራሁት።

ለክትትል የሄድን ጊዜ ሐኪሟን ጠየቅኋት፤
ጫማዬን እያየሁ "ሰነፈብኝ" አልኳት።
"አልሰነፈም" አለች፤ "ልቡ ሲያፈስ በኖረበት ዘመን
አንጎሉም አየር እያጠረው አድጎ ይሆናል፤ ሁሉን መቼ እናውቃለን።
አንድ አንድ ነገር ንገሩት። ከፊት ይቀመጥ። ቢረሳ
ይደገምለት።" ያን መዳፌን ኪሴ ከተትኩት፣ እንዳታየው፣ እንዳታነሳ።

በነጋታው ወፍጮ ቤት፣ ሞተሩ እያጓራ፣
አንዲት ሴት ከነበቆሎዋ ደረሰች በተራ።
"ሃያ አምስት ኪሎ" አለችኝ። "እ?" አልኳት።
ደገመችልኝ። "እ?" ጆሮዬን አስጠጋሁላት።
ጮኸች። ሳቀች። በጣቷ አሳየችኝ።
እና እዚያው፣ ሚዛኑ ላይ እጄን እንዳኖርኩ፣ ታወሰኝ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ቡሬ እየደገመ ነው ያኖረኝ፣
አንድም ሰው አልመታኝ።

አሁን መብራት ሲጠፋ ገበያው ይራገማል፤
ቀበቶው ይቆማል፣ ብናኙ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤
እኛ አንራገምም። ከበሩ ብርሃን ሥር፣ ማዳበሪያ ላይ፣
ደብተሩን እንከፍታለን፣ ወረፋተኛው እያየን፣ እኛም እሱን ሳናይ።
"ሰባት ሲደመር ሦስት?" እላለሁ።
ዓይኑ ከብናኙ ጋር ይወርዳል። እጠብቃለሁ።
"ምን አልከኝ፣ አባ?"
"ሰባት። ሲደመር። ሦስት።" ጣቶቹን ዓይቶ፣ ሐሳብ ገባ፤
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መልሱ ወጣ መሰለኝ፤
አልሰማሁትም።
"ልጄ፣ ድገምልኝ።"
ቀና አለ። ሳይቆጣ፣ ሳይሰለች፣ በዱቄት የነጡትን
አሥሩንም ጣቶቹን ዘረጋልኝ።