ሁለት ጋሎን ምርቃት

ጭቃው ፈረስ ይውጣል፣ በፔንሲልቬንያ፣
በርሜል ይገጥማል ከወንዝ ዳር ኦባዳያ፤
ትናንት ዊስኪ ነበር፣ ከዚያ በፊት ዓሣ፣
ዛሬ ድፍድፍ ገባ፣ ሽታው የማይረሳ።

ገዢው በትር ሰዶ ጥልቀቱን ሲለካ፣
አርባ ያሉት ጋሎን ሠላሳ ስምንት ነው ለካ!
መንገዱ ጠጥቶታል፣ ከስንጥቁ ሾልኮ፤
የቀረውን ጋሪው በትኖት ነው እኮ።

ተማክረው ወሰኑ፤ ጠብ ቀረና ክስ፣
በየአርባው ላይ ሁለት፣ ምርቃት ለሚፈስ።
አርባ ሁለት።
ልኩ ይኸው ሆነ።

ከዚያ ቧንቧ መጣ። ጋሪው ቆመ፣ በቃ፤
መዶሻውም ዛገ፣ ተኛ ላይነቃ።
ጣውላ የለ፣ ቀለበት፣ በዚያ ሁሉ መርከብ፣
ዋጋው ግን ዛሬም ነው በበርሜል 'ሚታሰብ።

በሞተ ለታ ማታ ልጁ ታቢታ ናት፣
ለእራት እንኳ ያላወለቀውን የቆዳ ጓንት
ቀስ ብላ የፈታች።
ጣቶቹን በጨለማ አንድ ባንድ ብትነካ፣
አሥር ያለችው ጣት ስምንት ኖሯል ለካ።
የብረት ቀለበት፣ በርሜሉን ሲያጠብቅ፣
ሁለቱን በልቶበት፣ ማንም ሰው ሳያውቅ።

ለፈሰሰው ዘይት ሁለት መረቁለት፤
ለእሱስ?
ለዚያ እጅ ማን መረቀለት?