ባዶ መሬት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሜዳ ሄድኩኝ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ባንዱ እያየሁኝ፤
ባለሦስት እግሩን መነጽር ተክዬ፣
«ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ! አቁም!» ብዬ ብዬ፣
ከሰላ ድንጋይ ሥር መስመር እየቀየስኩ፣
ካንዱ ጉብታ ወዳንዱ ችካል እያደረስኩ።
«ማሳ» አልኩኝ፣ «ገደል» አልኩኝ፣ «ጅረት» አልኩ በደብተር፣
የተረፈውን ግን፣ ሣር የለበሰውን፣
«ባዶ መሬት» ብዬ ዘጋሁት በመስመር።

አሁን ጡረታ ነው። ስኳር አለብዎ ተብያለሁ።
የደብረ ብርሃኗ ሐኪም «በእግር ሂዱ» ካለች ወር ሞላ፣
ይኸው ሽቅብ ቁልቁል፣ በነሐሴ ዶፍ፣
በአሮጌ ዣንጥላ።
የመጀመሪያው ቀን እርምጃ ቆጠርኩ።
ሁለተኛው ቀንም እርምጃ ቆጠርኩ።
በሦስተኛው ጭቃው ጫማዬን ነከሰው፣
ላወጣው ጎንበስ ስል ዓይኔን የመለሰው
ሐምራዊ ነገር ነው፣ ከጣቴ ያነሰ፣
ሜዳውን ጠርዝ ለጠርዝ እንደ ባና ያለበሰ።

ሽታዬ ከገብሷ አረም ትነቅላለች፤
«ስሙ ማን ይባላል?» ስላት ትስቃለች።
«ማገጥ ነዋ! አያውቁም? በሬ ይወደዋል፣
በጠዋት ጤዛ ግን ከበላ ይነፋዋል፤
የወንድሜን ወይፈን ገድሎታል አምና።
ሲያዩት ቆራቢ ነው፣ አንገተ ደፊ፣ ልበ ቀና።»
ይህን እያለችኝ እሱኑ ነቅላ
ወረወረችው ዳር፣ ከነሥሩ ጠቅልላ።

«ይኼኛውስ?» — «መጭ ነው።» ቢጫው ከድንበሩ።
«ያስ?» — «አሸንድዬ።» ረግረጉ ዳር ቆሞ፣ ጫፉ ቀይ፣ ቢጫ ሥሩ።
«ከድንጋዩ ጥጉስ?» — «ጦስኝ ነው እንጂ፣
ሽታው ጠፋዎት ወይ? ሰው አይደሉም እንዴ፣ የዚህ አገር ልጅ?»
ጦስኝ! ስንት ዘመን ከሻይ ጋር ጠጥቼው፣
አበባውን እንኳን አላውቅም አይቼው።

የቀየስኩት መንገድ ከላይ ይጮኻል፤
አውቶቡሱ በዚያ ኩርባ ዛሬም ይታጠፋል፣
ተሳፋሪው መስኮት ዘግቶ ያንቀላፋል።
ከዚህ ግን የባቄላ አበባ ሽታ
ነፋስ ይዞት መጥቶ፣ ፊቴ ላይ ዘርግቶት፣
ይሄዳል በዝግታ።

ከዚያ አንዲት ነጭ አለች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣
ነፋስ ሲነካካት ራሷን ነቅንቃ እምቢ የምትል መሳይ።
ሽታዬ ተጠግታ ዓይኗን አጠበበች፣
«ይህቺን እንኳ እንጃ…» ብላ ዝም አለች፤
ቆይታም «እናቴ ብትኖር» አለች።
ሁለታችን ቆመን አየናት።
ጉሙ ከቆላው ውስጥ ሽቅብ ተንፏቀቀ፣
ሸፈናት፣ ገለጣት፣ መልሶ ደበቀ።

ማታ የቆየውን ደብተር ከሣጥን አወጣሁ፣
ያንን ገጽ፣ ኪሎ ሜትር ዐሥራ አራትን፣ ፈልጌ አገኘሁ፤
በእርሳስ የተጻፈ፣ በራሴው እጅ ጽሕፈት፣
ከነቁጥሩ፣ ከነፊርማው፦ «ባዶ መሬት»።
ላጲስ ፈለግኩ፤ የለም። ልዋስ ብዬ ወጥቼ፣ ከደጅ ተመለስኩ፤
እንዲያው ከጎኑ ላይ፣ በቀጭን እርሳስ፣ ይህን ደረደርኩ፦
ማገጥ። መጭ። አሸንድዬ። ጦስኝ።
ከነሱም በታች አንድ መስመር ክፍት ተውኩ፣
ስሟን እስኪነግሩኝ።

ዛሬ ስንት እርምጃ ሄድኩ? እንጃ፣ አልቆጠርኩም።
ነገም ይዘንባል አሉ። ጫማዬም አልደረቀም።