ቀይ ቀለም

ከሜግና ወንዝ ማዶ፣ ሩዙ ውኃ ውስጥ ፈዞ፣
ሞፋዛል ሰርደር ይሄዳል ጃንጥላውን ተመርኩዞ።
እኔ ከኋላው ነኝ፣ ሁለት ጣሳ ይዤ፣
ቀይ በቀኝ እጄ፣ አረንጓዴ በግራ እጄ።
ከፊት ሸፋሊ አለች፣ ከዳካ የመጣች፣
በሃያ ስድስት ዓመቷ ወረቀት የሠራች፤
ጠብታ ሲነካው የሚያወጣ እውነት፣
ቀለም የሌለውን፣ ሽታ አልባውን ሞት።

ርካሽ ነው ወረቀቷ፤ ከአንድ ሻይ አይበልጥም።
ሽልማት አምጥቶላታል፤ በር ግን አይከፍትም።
«ይቺ የከተማ ልጅ ውኃችንን ሰደበች»
ተብላ ሦስት መንደር ዞራ ተመለሰች።

ያኔ ነው የሽማግሌውን በር ያንኳኳችው፤ ጡረታ ወጥቶ፣
ሜዳሊያውን በመሳቢያ፣ ስሙን በየሲሚንቶው ትቶ፣
በረንዳ ላይ ሲውል ጋዜጣ ዘርግቶ።

ጉድጓዶቹን የቆፈረው እሱ ነዋ።
አርባ ዓመት ሆነው። ሕፃናት በኩሬ ውኃ ሲረግፉ
ቧንቧ ጭኖ መጣ፣ መሬቱን ወጋ፣ ጥሩ ውኃ ፈለቀ፤
ሴቶቹ እልል አሉ፣ ኮሌራም ራቀ።
ይኼ ውሸት አልነበረም። ይኼም ይጻፍለት።
ከዚያ በኋላ ነው መዳፍ ላይ ጠቃጠቆ፣
የእግር ጫማ እንደ ኩሬ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣
ሙሽራ ከነጓዟ ወደ አባቷ ቤት፤
«ቆዳዋን እይ» ተብላ። አርሴኒክ የሚል ስም ማንም አያውቅለት።

ሸፋሊ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
ቀለሙን አየና መነጽሩን አወለቀ።
«ከአሥሩ ስንቱ?» «ስድስቱ።»
«ቀለም አለሽ?» አለ። ሌላ አልጠየቀ።

በየደጁ ቆመ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፦
«የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ያላየሁትን አየሁ።
የነገርኳችሁ ግማሹን ነበር፤ ግማሹን ዛሬ አመጣሁ።»
አንዱ ተሳደበ። አንዱ ወንበር አወጣ።
አንዲት ሴት በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው፤ «ጠጣ።»
ያዘው። ረጅም ጊዜ ያዘው።
እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ እሷም ስታየው፤
ተቀብላው ከደጃፉ ሥር ደፋችው።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት የሐዜራን ነገር ነው።
የሐዜራ ፓምፕ ቀይ። የጎረቤቷ የኮሪሞን አረንጓዴ።
በመካከል የቀርከሃ አጥር፤ ከአጥሩ ሥር የአሥራ አራት ዓመት ኩርፊያ፣
በአንድ የኮኮናት ዛፍ የተነሣ።
ዛፉን ማዕበል ጥሎታል። ጠቡ ግን አልወደቀም።

ሸፋሊ ማጣሪያ ነደፈች፤ ባልዲ፣ አሸዋ፣ የብረት ፍርፋሪ፤
ስሌቷ ልክ ነበር።
ሽማግሌው «ቆዪ» አላት፤ ሄዶ ኮሪሞን በረንዳ ላይ ተቀመጠ።
ረፋድ ሆነ። ቀትር ሆነ። ዝናብ መጥቶ አለፈ።
ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ዱባይ ስላለው ልጇ፣ ስለ ሩዝ ዋጋ ጠየቀ፤
ስለ ውኃ ግን ትንፍሽ አላለ።
ሸፋሊ ሰዓቷን ታያለች።
እኔ ቀለሙ እንዳይደርቅ አማስላለሁ።
(ማታ ነገረን፤ «ሠላሳ ዓመት ስብሰባ ተቀምጬ
የያዝኩት ይቺን ብቻ ነው፤
ሰው የሚታረቀው ማንም ‹ታረቅ› ሳይለው ነው።»)

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮሪሞን ተነሣች፣ ማጭድ አነሣች፤
እኛ ደነገጥን። እሷ ወደ አጥሩ ሄደች፣
ሁለት ቀርከሃ፣ ሦስት ቀርከሃ ቆረጠች፣
አንዲት ሴት ከነእንስራዋ የምታልፍበትን ያህል።
«ለፍየሏ ነው» አለች ወደ ማንም ሳታይ፤
«የሐዜራ ፍየል እዚህ መጥታ ትጠጣ።»

በማግሥቱ ሐዜራ መጣች።
ፍየል ኖሯት አያውቅም።

ሸፋሊ ካርታዋን ከፈተች፤ ቀይ ነጥብ፣ አረንጓዴ ነጥብ፣
ለጥልቀቱ ቁጥር አለው፣ ለመርዙም ቁጥር አለው፤
ለተከፈተ አጥር ግን ምልክት አልሠራችም።
ጣቷ ስልኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሽማግሌው ሐዜራ ፓምፕ ሥር ጎንበስ አለ።
ሲሚንቶው ላይ ስሙ አለ፣ ከምርቃቱ ቀን ጋር።
«ቀዩን» አለኝ። ሰጠሁት።
እጀታውን ቀባ፣ አንገቱን ቀባ፣ አፉን ቀባ፤
ስሙ ጋ ሲደርስ ብሩሹን አነሣ፤
ዞረውና ቀጠለ፣
ፊደሎቹ ከቀዩ መሐል ጎልተው እንዲነበቡ ተወ።