ስልሳ ግራም

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሐይቁ ጭጋጉን ገና ሳይገፍ፣
አባ ኮዳዎቹ ጣሪያችን ላይ እንደ ዳኛ ተኮልኩለው፣
በሩን እከፍታለሁ።
ዱካሌ ወለሉን በበረኪና ትወለውላለች፤
ሳይደርቅ እናቶች ይደርሳሉ።

«በጎ ፈቃደኛ» ይላል ደረቴ ላይ ያለው ወረቀት።
ደሞዝ የለኝም። ምሳ አለኝ፣ አንድ ቃልም አለኝ፤ «ኬሬ»።
ከኮምቦልቻ ይዤው የመጣሁት አማርኛ
ሐዋሳ ደርሶ፣ እዚች አግዳሚ ላይ ደክሞት ይቀመጣል፤
የቀረውን መንገድ ዱካሌ
መወልወያዋን ተደግፋ ትሄድልኛለች።

ሥራዬ መመዘን ነው።
ከማገሩ የተንጠለጠለ፣ ፊቱ እንደ ሰዓት የከበበ ሚዛን፣
ከሥሩ የጨርቅ ሱሪ።
ሕፃኑን አስገባለሁ፣ ሁለት እግር በሁለት ቀዳዳ ይወጣል፤
እሱ ሲያለቅስ መርፌው ይንቀጠቀጣል፣
እስኪረጋ እስኪረጉ እጠብቃለሁ፣
ካርዱ ላይ ነጥብ አኖራለሁ፣ ካለፈው ነጥብ ጋር አገናኛለሁ።
መስመሩ ሽቅብ ከወጣ እስቃለሁ።
ሳቄን ዱካሌ አትተረጉምም።

ሦስት ወር አብራን ሠርታ አገሯ የገባችው ካሪን
ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፋ ነበር፤
«በየሳምንቱ ሚዛኑን መዝኑት።»
ሚዛን ደግሞ በምን ይመዘናል?
አንብቤ አልፈው ነበር፣ እንደ ቀን መቁጠሪያ ሥዕል።

አንድ ቀን፣ ዝናብ ሰው ባስቀረበት ከሰዓት፣
ከጋሽ ሙደሲር ሱቅ ኪሎ ስኳር ገዝቼ
ሱሪው ውስጥ አስቀመጥኩት።
አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።
ጋሽ ሙደሲር ሁለት መቶ ግራም የሚመርቅ ሰው አይደለም።
ዱካሌ ሆዷን ይዛ ሳቀች።
ከማዶ ሱቅ ጨው አመጣሁ።
ጨውም አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።
ሳቁ ቆመ።

ጨውን አወጣሁ። መርፌው ሁለት መቶ ላይ ቀረ።
ባዶውን አይቼው አላውቅም ነበር፤
ባዶ ሚዛን ማን ያያል?
አሮጌው ሱሪ ተቀዶ፣ ዱካሌ ከወፍራም ሸራ
ድርብ አድርጋ የሰፋችው አዲሱ ሱሪ፣
ያ ነበር ሦስት ሳምንት ሙሉ ከልጆቹ ጋር ሲወፍር የከረመው።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ።
የዳንጊሴ ልጅ። ስም ገና አልወጣለትም፣ በሰባት ወሩ የተወለደ፣
ከቱላ በባጃጅ፣ ጡቶቿ መሐል ታቅፋው የምትመጣ።
በጣቴ ያሳየኋት፣ «ጨመረ!» ያልኳት፣
እልል ብላ ከደረቷ የፈታችው፣
ጀርባዋ ላይ ያዘለችው፤
አደገ ስላልኳት።

በማክሰኞው መጣች።
ብሎኑን አዙሬ መርፌውን ዜሮ አድርጌ መዘንኩት፤
«ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ» አልኩ፣ «ባለፈው ያልኩሽ ስህተት ነው።»
ዱካሌ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈች።
ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ፤
«እንዲሁ ልበላት?»
«እንዲሁ በያት።»
ብዙ ተናገረች፣ እኔ ካልኩት ይልቅ ረዘመ፤
መሐል ላይ እጇን ወደ ሱሪው፣ ከዚያ ወደ ራሷ ጠቆመች።

ዳንጊሴ አልጮኸችም።
እኔን አላየችም፣ ሚዛኑን አየች፣
እንደ ባለዕዳ።
ከዚያ ነጠላዋን ፈታች፣
ልጁን መልሳ ሥጋዋ ላይ ለጠፈችው።

ሳምንቱን እንዴት እንደገፋሁት አልናገርም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መርፌው ሦስት ትንንሽ መስመር ዘለለ።
ሦስት ብቻ። ባዶውን ሁለቴ አየሁ፣ ልጁን ሁለቴ መዘንኩ።
«ስልሳ ግራም» አልኩ፣ ሳልስቅ።
በዱካሌ በኩል ጥያቄ መጣ፤
«ስልሳ ግራም ስንት ነው?»

አሰብኩ። የምሳዬ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ነበር።
«አንድ እንቁላል» አልኩ።
ዱካሌ ወደ ሲዳምኛ ወስዳ፣ ከራሷ አንድ ነገር ጨምራ መለሰች፤
«የፈረንጅ ዶሮ ነው አልኳት። የሐበሻው ያንሳል።»

ዳንጊሴ መዳፏን ዘረጋች፤
ሌላ ሰው የማያየውን እንቁላል መዘነች።
ልጁ በደረቷ፣ ጣቶቿ በቀስታ ተከበው፣
እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች
ባጃጁ ውስጥ በአንድ እጇ ገባች።