ያልደበዘዘ

ትኬቱ አስር ብር ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤
ሳልነግርህ አልቆርጥም። አምና አንድ የሩቅ ሰው
ገብቶ፣ ዞሮ ወጥቶ፣
«ምኑን ነው የሸጥሽልኝ?» አለኝ ተቆጥቶ።

መኪናህ ፒያሳ ጎሚስታ ቤት ቆሟል፤
ሁለት ሰዓት አለህ። «ለደሴ ይበቃል?»
አይበቃም። አብሽር ግን፤ ግባ፣ በሩን ዝጋው፤
የጦሳ ጉም ክፉ ነው፤ አጥንት ነው የሚወጋው።

ስሜ ሐዋ እሸቴ ነው። ምነው ቅንድብህ ሽቅብ ሄደ?
አባባ ፍልሰታን፣ እማማ ረመዳን፣
ሲጦሙ፣ ሲያስፈቱ፣ መሀል ላይ አደግን፤
አንድ ጓዳ፣ ሁለት ቢላ።
አለህ ጥያቄ ሌላ?

እዚህ ጋ ቁምልኝ። ይህ ወለሉ ላይ ክብ
ነጋሪት ነበረ። ሃያ ዓመት ሙሉ እየወለወልኩ ዙሪያውን ስከብ፣
ከሥሩ ሰም አልገባም።
ነጋሪቱ ሄደ፤ መወልወያዬ ግን ልማዱን አልረሳም፤
አሁንም ይዞረዋል፣
እንዳይጮህ የሰጋ ይመስል፣ ቀስ ይላል።

ያ ምስማር የጋሻ። ይቺ ደግሞ ወረቀት፦
«የቀንድ ዋንጫ፤ አፉ በብር የታሰረለት።»
ዋንጫውን ወስደው ስሙን ጥለውብኛል።
ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ጽፈን በማኅተም ልከናል፤
መልሱም በማኅተም መጣ፦ «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል።»
«ማነው የወሰደው?» አትበለኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰው ብቻ፣
ሁሉም ሸክም ነበረው፤ እኔም ፍራሽ አዝዬ
በሐረጎ ቁልቁል ወርጃለሁ፣ ልጄን አስከትዬ።

ይሄን ግን እይልኝ። እጅህን ጠብቅ፣ ስብር መስታወት ነው።
ከፋዩ ቀይ ነበር፤ ፀሐይ ጠጥታው ጭድ መሰለ፣ ይኸው።
መሀሉ ላይ ግን ሁለት አራት ማዕዘን፣ እንደ በርበሬ ዛላ፣
አየህ? አልደበዘዘም።
ግራው ዳዊት ነው፣ ማኅደሩ የፍየል ሌጦ፤
ቀኙ ቁርኣን፣ አንድ ሼህ በጥላሸት ቀለም የከተቡት፤
ጎን ለጎን ተኝተው ጨርቁን ከፀሐይ ጋረዱት።
መጻሕፍቱ የሉም። የተኙበት ልክ አለ።
አስር ብርህ ለዚህ ነው። ካልቆጨህ እንግዲህ
ወደ መስኮቱ ና፣ ከተማዋን ላሳይህ።

በአይጠየፍ በኩል ሂድ፤ አዳራሹን እየው፤
የመጣን ሳይጠየፍ ያበላ ግቢ ነው።
አራዳ ስትወርድ ልብስ ሰፊው እንድሪስ በረንዳው ላይ አለ፤
ሰላም በለው፤ ካላልከው ጃኬትህን ይተቻል፣ «የማን ስፌት ነው?» እያለ።
ቧንቧ ውሃ ስትደርስ ፎቶ ቤት ታያለህ፤ ቀሪ ሒሳብ ያልከፈሉ ሙሽሮች
ከሠላሳ ዓመት ወዲህ መስኮቱ ላይ ይስቃሉ፣ ከነአፍሮ ሚዜዎች።
ጦሳን ዛሬ አትውጣው፤ ጉሙ ቢገለጥም
ግማሹን ነው የሚያሳይ፤ ለግማሹ ሌላ ቀን ትመጣለህ፣ አይቀርም።
ቦርከናን ስትሻገር አፍንጫህን ያዝ። እኔ አልዋሽህም።

ደግሞ ቀኑ ሰኞ ነው፤ እድልህ ነው አቦ!
ሰኞ ገበያ ግባ፤ ቅቤ ተራን እለፍ፣ ጤፍ ተራን እለፍና
አሮጌ ዕቃ ተራ ስትደርስ ዝግ በል፤ አጎንብስና
ፈልግልኝ፦ አፉ ብር፣ ወገቡ ላይ ስንጥቅ ያለው ዋንጫ።
ስንጥቁ የእኔ ነው። ሥራ በጀመርኩ ዓመት፣
ስወለውል አምልጦኝ ወደቀ ድንጋይ ላይ፣ አልሰማም ሰው ድምፁን፤
ወደ ግድግዳ አዙሬ ሃያ ዓመት ደበቅኩት ስንጥቁን።
አለቃዬ አያውቅም። ላንተ ነው የነገርኩ።

ካየኸው ዋጋ አትጠይቅ፤ ዝም ብለህ ተመለስ፤
እኔን ያውቁኛል፤ ገና ከሩቅ ስደርስ
ሸራ ይጎትታሉ። እንግዳ ነው የሚያዋጣኝ፤
ጎማ የሚያፈነዳውን ድንጋይ አላህ አያሳጣኝ!

ትኬትህን አትጣለው። ቀን አልተጻፈበትም፤
ዋንጫው የገባ ዕለት ሌላ አላስከፍልህም።
በል ሂድ፣ ሰዓትህ ሮጠ። ወለሉ እርጥብ ነው፤
ክቡን ግን አትርገጠው፤
ዙረው።