ከጣራ የወረደ መልስ

አባቴ ቫርኪ ቀን የጎማ ዛፍ ያልባል፣
ዛፉ በየጣሳው ነጭ እንባ ያነባል፤
ማታም ሲጸልይ ያው ነው አመሉ፣
ጠብ... ጠብ... እያለ ይወርዳል ቃሉ።

ኮታያም፣ የሰኔ ዝናብ፣ መብራት ሄዶ ተመልሶ ሄዶ፣
ሰባት ሰው ባንዲት ኩራዝ፣ ባንድ ምንጣፍ ተንበርክኮ ሰግዶ፤
እንሽላሊቷም ከመስቀሉ ጎን ጭራዋን አጥፋ ስታዳምጥ፣
ታናሼ ጆቢ ሣቁን አፍኖ እንደ ሻማ ሲቀልጥ።

አባቴ አይቸኩል። ለጳጳሱ ይጸልያል፣ ለመንግሥት፣
ኩዌት ላለችው አክስቴ፣ ላክስቴም አሠሪ ሴት፣
ለጎማ ዋጋ (እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ ይላል)፣
ለታመመችው ፍየላችን፣ ለሐኪሟም ያክላል።
እናቴ ኤልያማ ባንድ ዐይኗ አሜን ትላለች፣
በሌላው ዐይኗ ግን የሩዙን ድስት ታያለች፤
ማርያምና ማርታ ፊቷን ተካፍለው ይኖራሉ፣
ሩዙ ሲገነፍል ግን ሁለቱም ማርታ ይሆናሉ።

አያታችን አማቺ ጆሮዋ ከከዳት ቆየ፣
የሷ አሜን ከኛ አሜን ጋር አንድም ቀን አልተያየ፤
መሃል ላይ ትወረውራለች፤ እኛም ብድግ፣ ነፃ ወጣን!
«ገና ነው!» ብሎ አባቴ ወደ ግብፅ መልሶ አመጣን።

አንድ ነገር ግን ነበር። «አባታችን ሆይ» ሲባል፣
«እኛም የበደሉንን...» ላይ አባቴን ሳል ይይዘዋል።
ሦስት ዓመት እዚያችው ቃል ላይ፣ ያለ ጉንፋን ያለ ብርድ፣
ሳሉ ይመጣል፤ መስመሯን አፍኖ ይዟት ሲነጉድ።
ምክንያቱ ማዶ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ኩሪያኮስ፣
ካንድ ጡት የጠባ፣ አሁን ሰላምታ የማይመልስ፤
ምክንያቱ የድንበር ዛፍ ነው። ሥሩ ከነሱ ግቢ ይበቅላል፣
ቅርንጫፉ ከኛ ጣራ በላይ ፍሬ ያንጠለጥላል፤
የማን ነው? ብለው ተጣሉ። ፍሬው ጥጃ ያህላል፣
ቆዳው ጃርት፣ ሆዱ ማር፣ ስሙም ቻካ ይባላል።

ያን ማታ አባቴ ሩቅ ሄደ፤
እጁን ዘረጋ፣ ድምፁ ራደ፤
«ጌታ ሆይ፣ ዝም አትበለን! ምልክት ስጠን፣ ተናገር፣
ልጆችህ ነን፣ እንስማህ፣ አሁኑኑ፣ ከዚሁ ጣራ ሥር—»

ጓ!

ሸክላው ረገፈ። ዝናብ ገባ። ኩራዟ ጠፋች።
በግንባራችን ተደፋን፤ በረት ውስጥ ፍየሏ ጮኸች።
ከዚያ ዝም። ከባድ ነገር መሃላችን ተቀምጧል፣
ማር ማር ይሸታል። ጆቢ «ጌታ ነህ?» ሲል ይንሾካሾካል።
አማቺ ብቻ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያልሰማች፣ ይኸን ሰማች፤
«መለሰልህ አይደል ልጄ? በል ሩዙ አረረ» አለች።

ከማዶ ባትሪ በራ። በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባ፣
አጎቴ ኩሪያኮስ፤ ሽርጡ ጭቃ፣ ዐይኑ እንባ፤
«ቫርኪ! አለህ ወይ? ልጆቹስ?» ባትሪው ዞሮ ዞሮ አረፈ፣
ቻካው ላይ፣ ተሰንጥቆ ሆድ ዕቃውን እንደ ዘረገፈ።

ማን እንደ ጀመረ አላውቅም። አባቴ ያሳለ መሰለኝ፤
ሳል አልነበረም፤ ሣቅ ነበር፤ እኔንም ይዞ ጣለኝ።
ሁለት ጎልማሳ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣
«ያንተ ነው»፣ «የለም፣ ያንተ ነው»፤ ፍሬውን ተገፋፍተው።

ያረረውን ሩዝ በላን፤ ቻካውንም ፈለፈልን፣
ሙጫው ጣት ከጣት ሲያጣብቅ አንድ ሰው መሰልን።
ከቀዳዳው ሥር የጎማው ጣሳ ዝናቡን ጠብ... ጠብ... ሲቀበል፣
አባቴ ዝም አለ፤ ጣሳው የሚጸልይለት ይመስል።

አሁን ከቀዩ ሸክላ መሃል አንዲት ቆርቆሮ አለች፣
ፀሐይ ሲመታት ከሩቅ መንገደኛ ትጠቅሳለች።
ጸሎቱ? አላጠረም። እንዲያውም አጎቴ ገባበት፣
ከነስኳር በሽታው፣ ከነላሞቹ፣ ከነሙሉ ቤት።
ግን «እኛም የበደሉንን» ስንደርስ፣ ሳል የለም።
ቀስ ይላል አባቴ፤ አንዷን ቃል አይዘልም።
እኛም፣ አማቺ ሳትቀር፣
አንድ ዐይናችንን ገልጠን
ወደ ጣራው እናያለን።